ያልተማሰለው ጠርሙስ፦ የፕሮፌሰር ሂልካ ቦንሴማ የሕይወት ታሪክ

ፕሮፌሰር ሂልካ ቦንሴማ ከአባታቸው ከአቶ ሪንሰ ቦንሴማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትየ ዋርስትራ በፍሪስላንድ፣ ቪንስሜር በምትባል የቦይ ዳር መንደር፣ በየካቲት ወር 1957 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ለቤታቸው ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ።

አባታቸው ጀልባ ሲያልፍ የመንደሩን ድልድይ የሚከፍቱ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ የበረዶ ሹም ነበሩ። ቦዩ መርጋት ከጀመረበት ቀን አንስቶ እርሳቸው “ግቡ” እስኪሉ ድረስ ማንም በበረዶው ላይ እግሩን አያሳርፍም። ሳይነካ የረጋ ውሃ ጥቁርና ጠንካራ በረዶ ይወጣዋል፤ እየተነካ የረጋው ግን ነጭና ሻካራ ሆኖ ተንሸራታቹን ይጥላል። ሂልካ በስድስት ዓመታቸው፣ ገና በመርጋት ላይ በነበረው ቦይ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። በረዶው ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ብሏቸው ነበር። አባታቸው አልተቆጡም። መንደሩ ሁሉ መንሸራተት የጀመረ ዕለት እጃቸውን ይዘው ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ አጠገብ አቆሟቸው። ሂልካም እዚያ የተሰናከለውን ሰው ሁሉ “ይቅርታ፣ እኔ ነኝ” እያሉ ዋሉ። ፕሮፌሰር ሂልካ ይህን ታሪክ ለልጃቸው ብዙ ጊዜ ነግረዋል፤ ሲነግሩም ስቀው አያውቁም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቪንስሜር፣ የሁለተኛ ደረጃውን በሌዋርደን ከተማ አጠናቀቁ። በ1975 በሰሜኑ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ጀመሩ፤ በማዕረግ ከተመረቁ በኋላም በ1982 በፕሮፌሰር ኦልድካምፕ ላቦራቶሪ ለዶክትሬት ዲግሪ መሥራት ያዙ። በዚያው ወር እዚያው ላቦራቶሪ ከጎረቤት መንደር የመጡ አንዲት ሌላ ወጣት ሴት ተቀጠሩ። ስማቸው ባውክዬ ሮርዳ ይባላል። የገበሬ ልጅ ናቸው። ሁለቱ የኬሚካል ጭስ ወደ ውጭ በሚያስወጣ በአንድ ጭስ መሳቢያ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ፣ የመንደራቸውን ፍሪስኛ እያወሩ ይሠሩ ነበር። ባውክዬ ጓደኛቸውን “የበረዶ ሹም ልጅ” ይሏቸው ነበር፤ ሌላ ሰው በዚህ ስም ጠርቷቸው አያውቅም።

የሕይወታቸው ሥራ የሆነው ነገር ለማያውቀው ሰው እንዲህ ይነገራል። ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎች አሉ። አንዱ ሦስት ክንድ አለው፤ ሌላው አጭር ሆኖ በሁለቱም ጫፉ የሚይዝበት እጅ አለው። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲገናኙ ይያያዛሉ። መያያዛቸው ግን እንደ ብየዳ የማይላቀቅ አይደለም። በተሳሳተ ቦታ የተያያዘው ይላቀቃል፤ ተላቅቆም እንደገና ይሞክራል። ጊዜ ከተሰጣቸው ማንም ሳይገጣጥማቸው በራሳቸው ተገጣጥመው በውስጡ ባዶ ቦታ ያለው ጎጆ ይሠራሉ፤ ዓይን የማያየው፣ አንድ እፍኝ አየር እንኳ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ብቻ የምታድርበት ጎጆ። በዚያ ዘመን ግን ጎጆውን ያየው ሰው አልነበረም። የሚታየው ነጭ አተላ ነበር። ጠርሙሱ ሲደፈርስ ሁሉም “ገንፎ ሆነ” ብሎ ይደፋው ነበር። ፕሮፌሰር ኦልድካምፕም መድኃኒቱ በኃይል ማማሰል ነው ብለው ያምኑ ስለነበር በየጠረጴዛው እየዞሩ “የሚያማስል ይበላል፤ ቆሞ የሚያይ ያያል!” ይሉ ነበር።

ባውክዬ አላመኑም። በ1984 ጸደይ ወደ ዩኒቨርሲቲው መስታወት ነፊ፣ የጋለ መስታወት እየነፉ ጠርሙስ ወደሚሠሩት ወደ አቶ ሲብረን ሃይትስማ ሄደው አንገቱ በጣም የጠበበ ጠርሙስ አሠሩ።

“በዚህ አንገት ማማሰያ በየት በኩል ይገባል?” አሉ አቶ ሲብረን።

“እንዳይገባ ነዋ!” አሉ ባውክዬ። “የገንፎ ቤት ሆነን መቅረታችን ነው እንዴ?”

ይህን ጠርሙስ ሞልተው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ ከጭስ መሳቢያው ኋላ ጥግ አስቀመጡት። ስም ሳይለጥፉበት የአባታቸው ልብ ታመመና ወደ እርሻቸው ተጠሩ። ላቦራቶሪው ከበጋ ዕረፍት በፊት ባለው ዓርብ የሚጸዳ ሲሆን፣ ስም የሌለው ጠርሙስ ሁሉ በዚያ ቀን ይደፋል። የዚያ ዓመት ተረኛዋ ሂልካ ነበሩ። ባውክዬ ከእርሻው ስልክ ደወሉ።

“የበረዶ ሹም ልጅ፣ ከኋላ ያለችዋን እንዳትነኪያት።”

“ደፍርሳለችኮ። ገንፎ ሆናለች።”

“ትደፍርስ! ገንፎ ትምሰል! ጊዜ ከሰጠናት ራሷን ታርማለች። አደራ።”

“እሺ በቃ፣ አትጨነቂ። ይልቅ ለአባትሽ እግዜር ምሕረቱን ይላክላቸው።”

ሂልካ አደራውን ጠበቁ። ሌላውን ሁሉ ሲደፉ ያችን አልነኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጨርቁን ሲያነሡ ፈሳሹ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ፣ ሥሩ ላይ ስምንት ገጽ ያላቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ተኝተው አገኙ። ክሪስታሉን ኤክስሬይ ወደሚያነሣው ክፍል ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ጎጆው ነበር።

ፕሮፌሰር ኦልድካምፕ ምስሉን ይዘው እየሮጡ ገቡ። “ማን ነው ይህን ያገኘ?”

“እኔ ነኝ ያገኘሁት” አሉ ሂልካ። ይህ እውነት ነበር።

“ሳታማስዪ? እንዴት? ማን መከረሽ?”

“ተረስቶ ነው” አሉ። ይህ እውነት አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ በሳቅ ፈነዱ። “እንግዲያው ርሺ! ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ መርሳት ነው! ለመርሳት ደመወዝ እከፍልሻለሁ!” አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ፕሮፌሰር ሂልካ በኋላ ለልጃቸው እንደነገሩት፣ ያን ቀን ሳቁ ሲቆም እናገራለሁ ብለው ጠብቀው ነበር።

ባውክዬ አባታቸውን ቀብረው በነሐሴ ሲመለሱ የጎጆው ምስል በላቦራቶሪው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ነግረሽዋል?” አሉ።

“እነግረዋለሁ። አሁን በደስታ ሰክሯል። ይርጋና።”

“እሺ። ይርጋ።”

አልረጋም። ጽሑፉ በዚያው ዓመት በሂልካ ቦንሴማና በፕሮፌሰር ኦልድካምፕ ስም ታተመ። ባውክዬ ሮርዳ በመጨረሻው መስመር ላይ “ለጠቃሚ ውይይት” ተመሰገኑ። የባውክዬ የአራት ዓመት ቅጥር ሲያበቃ በስማቸው የቆመ የመመረቂያ ምዕራፍ ስላልነበራቸው ዶክትሬታቸውን ሳይጨርሱ ወጡ፤ በድራክተን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ሆኑ።

በጥቅምት 1986 ሂልካ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዩኒቨርሲቲው ታላቅ አዳራሽ ተከላከሉ። በአገሩ ወግ ዕጩው ብቻውን አይቆምም፤ በግራና በቀኙ የመረጣቸው ሁለት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ይቆማሉ። ሂልካ ገና በመጀመሪያው ዓመት በቀኛቸው እንዲቆሙ የመረጧቸው ባውክዬን ነበር። እንዲቀሩ ሊነግሯቸው አፈሩ። ባውክዬም አልቀሩም።

“ቃል ገብቻለሁ” አሉ፣ የተከራዩትን ጥቁር ልብስ እየቆለፉ። “ደግሞ ከቅርብ ሆኜ መስማት እፈልጋለሁ። እዪኝ እስቲ፣ ቁራ አልመሰልኩም?”

ጥያቄው የሚቆየው አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ የዩኒቨርሲቲው በትር ያዥ ገብተው በትራቸውን ወለሉ ላይ መትተው “ሰዓቱ ደርሷል” ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ዕጩው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እንኳ መጨረስ የለበትም። የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቁት ከቤልጅግ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። እንዲህ አሉ፦ “በገጽ አርባ ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ ጠርሙሱ ተረስቶ ሳይማሰል ቆየ ይላል። የተከበሩ ዕጩ፣ አንገቱ እንዲህ የጠበበ ጠርሙስ የሚረሳ ሰው አላውቅም። ሳይነካ የቆየው በአጋጣሚ ነው ወይስ በዕውቀት? በዕውቀት ከሆነስ በማን?”

ሂልካ አፋቸውን ከፈቱ። ባውክዬ ወደ ፊት እንጂ ወደ እርሳቸው አላዩም። በሩ ተከፈተ፤ በትሩም ወለሉን መታ።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በነበረው ግብዣ፣ አይብና የጨው ዓሣ በቀረበበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ባውክዬ ብርጭቋቸውን አንሥተው፣ “እንኳን ደስ አለሽ፣ ዶክተር። ባለ በትሩ አንድ ደቂቃ ቢዘገይብሽ ኖሮ ምን ትይ ነበር?” አሏቸው።

ሂልካ ሳቁ። “ባለ በትሩን እግዜር ይስጠው!” አሉ።

ባውክዬም አብረው ሳቁ። ከዚያ ብርጭቋቸውን ሳይጠጡ አስቀምጠው የማታውን እራት ሳይጠብቁ ወደ ድራክተን ሄዱ።

ፕሮፌሰር ሂልካ በ1989 ከአቶ ሲብረን ሃይትስማ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1992 አንዲት ሴት ልጅ፣ ፍሩክዬን ወልደዋል። አቶ ሲብረን ጠርሙሱን የነፉት ራሳቸው ናቸው፤ ማን እንዳዘዘውና ለምን እንደታዘዘ ያውቁ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ የጠርሙሱ ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ አልተነሣም። አቶ ሲብረን፣ “እኔም ያው ነኝ፤ አንገቱን አጥብቤ፣ አፌን ደግሞ ከአንገቱ አጥብቤ ኖርኩ” ብለዋል፤ ይህም በፈቃዳቸው እዚህ ተጽፏል።

በ1997 የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኙ። ከእርሳቸው ላቦራቶሪ የወጡት ጎጆ ሞለኪውሎች አንዱን ጋዝ ከሌላው ለመለየት እስከ ማገልገል ደርሰዋል። ሃያ ስድስት ተማሪዎችን ለዶክትሬት አብቅተዋል። ተማሪዎቻቸው ስለ እርሳቸው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፦ አንድ ነገር በተገኘ ቁጥር ከውጤቱ በፊት “መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?” ብለው ይጠይቁ ነበር። የዚያ ሰው ስም ከፊት ካልሆነ ጽሑፉ ከክፍላቸው አይወጣም። የጽዳት ተረኛ ስም የሌለው ጠርሙስ ሲያገኝ ሳይጠይቅ እንዳይደፋም ከልክለው ነበር። በዚህ የተነሣ ለጋስ ናቸው እየተባሉ ይመሰገኑ ነበር፤ በ2011 በመምህርነታቸው ሽልማት ሲሰጣቸው ይኸው ለጋስነታቸው ተነግሯል። ሽልማቱን ወደ ቤት ይዘው አልመጡም። የት እንደተዉት ቤተሰቡ ዛሬም አያውቅም።

በሥራቸው ምክንያት በዚያው አዳራሽ በፈታኞች ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጠዋል። ሰዓቱ ሊደርስ ሲቃረብ ሌሎቹ ወደ በሩ ሲያዩ እርሳቸው ከዕጩው በስተቀኝ የቆመውን ሰው ያዩ ነበር። ይህን ያስተዋሉት ልጃቸው ፍሩክዬ ናቸው፤ ምክንያቱን የሰሙት ግን ዘግይተው ነው።

በግንቦት 2023 ጡረታ ሲወጡ የስንብት ትምህርት ሰጡ። ወይዘሮ ባውክዬን ራሳቸው በስልክ ጋበዟቸው፤ በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነበር። “ነይ በይኝ እንጂ እመጣለሁ” ነበር መልሱ። ወይዘሮ ባውክዬ መጥተው አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፕሮፌሰር ሂልካ ዛሬ እናገራለሁ ብለው ነበር የወጡት። ስለ ጠርሙሱ ሲደርሱ ቆሙ። ውሃ ጠጡ። “ጠርሙሱ ተረስቶ” ብለው ቀጠሉ። በዚያ ቀን አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላቸው። የቆመው ሁሉ ሲያጨበጭብ ወይዘሮ ባውክዬ ካፖርታቸውን ለበሱ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ የቆሽት ካንሰር ታወቀባቸው። ሕክምናው ሲከብድ ወደ ቪንስሜር፣ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ፤ አልጋቸውም ቦዩ ወደሚታይበት መስኮት ተጠጋ። በሐምሌ 2024 ወይዘሮ ባውክዬ በብስክሌት ከድራክተን ድረስ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። የነበረውን ንግግር ፍሩክዬ በክፍሉ ውስጥ ሆነው ሰምተዋል።

“የበረዶ ሹም ልጅ” አሉ ወይዘሮ ባውክዬ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። “ከስተሻል።”

“አንቺ ግን ወፈርሽ።”

“የተማሪ ቤት ኬክ ነዋ፤ በየሳምንቱ የአንዱ ልደት ነው።” ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጉና፣ “እዚህ ቤት ባለ በትር የለም። በይ እንግዲህ፣ ሰውየው የጠየቁሽን መልሺ” አሉ።

ፕሮፌሰር ሂልካ አለቀሱ። ከዚያም መለሱ፤ ሁሉንም፣ ከስልኩ አደራ ጀምረው።

ወይዘሮ ባውክዬ ሰምተው ሲጨርሱ፣ “ያቺ ጠርሙስ ራሷን ለማረም የፈጀባት ሦስት ሳምንት ነው። አንቺ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጀሽ። ማማሰያ ልናስገባብሽ ይገባ ነበር” አሉ።

“ይቅር በይኝ፣ ባውክዬ።”

“እሱን ቆይ። እኔማ መልሱን ድሮም አውቀዋለሁ፤ እኔን መንገርሽ ምን ያደርግልኛል? የተጠየቅሽው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት መልሺ፤ ከዚያ ይቅርታውን እናወራለን።”

“አባቴ ቢኖር በረዶው ላይ ወስዶ ያቆመኝ ነበር።”

“አባትሽ ጨዋ ነበሩ። እኔ አዳራሹ ይበቃኛል።”

ፕሮፌሰር ሂልካ በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲውን አነጋገሩ። በታላቁ አዳራሽ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በተገኙበት፣ ለጥቅምት መጀመሪያ ቀን ተያዘ። በትር ያዡ እንዳይገቡ ራሳቸው ለመኑ። ድምፃቸው እንዳይደክም በየጠዋቱ መልሱን ለፍሩክዬ ጮክ ብለው ይለማመዱ ነበር። በመስከረም አጋማሽ ድምፃቸው ጠፋ። ቀኑ እንደማይደርስላቸው ባወቁ ጊዜ ልጃቸውን በምልክት ጠርተው፣ መልሱ በቀብራቸው ቀን ሕዝቡ ሳይበተን እንዲነበብ በጽሑፍ አደራ አሉ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ባውክዬ ሁለት ጊዜ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ሁለቱም አልተናገሩም። ይቅርታው ተነሥቶ እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈረም።

ፕሮፌሰር ሂልካ ቦንሴማ መስከረም 26 ቀን 2024 ከቀትር በኋላ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እንግዲህ በጥቅምት 1986 በታላቁ አዳራሽ ለተጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይኸውላችሁ። ጠርሙሱ አልተረሳም። ሳይነካ የቆየው በአጋጣሚ ሳይሆን በዕውቀት ነው። ዕውቀቱ የባውክዬ ሮርዳ ነው። ሂልካ ቦንሴማ አደራ ጠባቂ ነበሩ፤ ጠርሙሱን ጠበቁ፤ ስሙን ግን አልጠበቁም።

ፕሮፌሰር ሂልካ ባለቤታቸውን አቶ ሲብረን ሃይትስማን፣ ልጃቸውን ፍሩክዬን ከነባለቤታቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት፣ እንዲሁም ያስተማሯቸውን ሃያ ስድስት ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። ሬሳ ሣጥኑ እንደ አባቶች ልማድ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ያርፋል። ወይዘሮ ባውክዬ ሮርዳ ማንም ሳይጠይቃቸው ዛሬ ጠዋት ጥቁር ለብሰው መጥተዋል፤ ከሣጥኑ በስተቀኝ የቆሙት እርሳቸው ናቸው።

የተሳሳተውን የሚፈታ፣ የተፈታውንም መልሶ የሚያገናኝ አምላክ፣ በእጃችን ሳናርመው የቀረውን እርሱ ያርምላቸው፤ ነፍሳቸውንም ሳይቸኩል፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ በቤቱ ያሳርፍልን። አሜን።